ሦስት ሲኒና አንዲት ባቄላ በዲክሲስ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚያመራው መንገድ አዋሽን ተሻግሮ ዴራን ሲያልፍ ገና ቆላ ነው፤ ግራሩ አጭር፣ አፈሩ ዱቄት። ኢተያ ሲደርስ አየሩ ይለወጣል። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ተሳፋሪው ጋቢውን ወደ ትከሻው ይስባል፣ ጭላሎ በስተደቡብ ደመና ተከናንቦ ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር የስንዴና የገብስ፣ የባቄላና የአተር አገር ነው። ዲክሲስ ከዚሁ ደጋ ላይ፣ ከአሰላው መንገድ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብላ ትገኛለች። የሄድኩት በኅዳር ነበር፤ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ኮምባይነሮች ከማሳ ማሳ ይዘዋወራሉ፤ ገለባው በነፋስ ተነሥቶ መንገዱን ያቋርጣል።

ስለ አርሲ ሲወራ ቀድመው የሚነሡት ሯጮቹ ናቸው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ። ከዚያ እርሻው ይከተላል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተመሠረተው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ካዱ፣ የቁሉምሳ የስንዴ ምርምር፣ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ። እኔን ወደዚህ ደጋ የወሰደኝ ግን የእጅ ምትሃት ነው። ዕቃዎቹን እሰበስባለሁ፣ ሥራውንም እሠራለሁ።

ምትሃት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መድረክ፣ መጋረጃና ሣጥን ውስጥ በመጋዝ የምትቆረጥ ሴት ነው። እኔ የምወደው ዓይነት ይህን ሁሉ አይፈልግም። ተመልካቹ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፤ በመካከላችን አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ አለ፤ እጄ ላይ ያለው ሳንቲም ወይም ካርታ ወይም የእህል ፍሬ ነው። ተመልካቹ ከፈለገ እጁን ዘርግቶ እጄን ሊይዝ ይችላል። በዚህ ርቀት ከልምምድ በቀር የሚያድን ነገር የለም።

የዲክሲስ ተወላጅ የሆነ የቆየ ወዳጄ፣ «የእኛ ሰው ከብት በዓይኑ የሚመዝን ነው፤ እሱ ፊት ሠርተህ ካላየሁ አላምንህም» ይለኝ ነበር። ነገሩ እውነት አለው። በሬ ሲገዛ ጥርሱን፣ አረማመዱንና የጫንቃውን ጠባሳ አይቶ ዋጋ የሚቆርጥ፣ ዘር ሲቀበል እፍኝ አንሥቶ በጣቱ እያሸ ነቀዙን የሚለይ ሰው፣ ለምትሃተኛ ከሁሉ የከበረ ተመልካች ነው። ማየትን ሥራዬ ብሎ ይዞታልና።

ከዕቃዎቼ የያዝኩት ጥቂቱን ነው። ካርታው ባይስክል የሚባለው፣ ከእ.ኤ.አ. 1885 ጀምሮ በአሜሪካ የሚታተመውና የዓለም ምትሃተኞች እጅ የለመደው ነው። ካርዶቹ ላይ ያሉት ጥቃቅን ስርጉዶች በመካከላቸው አየር ስለሚይዙ እንደ ልብ ይንሸራተታሉ። ጀርባው ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ ከላይም ከታችም አንድ ስለሆነ ካርዱ ቢዞር አያስታውቅም። ለኮንከር የምንገዛው ርካሽ ካርታ ጥቂት ከተጫወቱበት በኋላ ላብ ይጠጣና ይጣበቃል፤ ሲበውዙት ይታወቃል። ከካርታው ጋር ቀይ የሐር መሐረብና ነጭ የጥጥ ገመድ ነበሩ። ከሁሉ የምሳሳላቸው ግን ሳንቲሞቹ ናቸው።

አንደኛው በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸው ዐሥር ሳንቲም ነው። በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ አለበት፤ በሌላው በኩል የደጋ አጋዘን ቆሟል። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ዋና መኖሪያውም የባሌና የአርሲ ተራሮች ናቸው። ዛሬ በዐሥር ሳንቲም የሚገዛ ነገር ስለጠፋ ሳንቲሙ ከገበያ ወጥቶ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። እኔ ግን ከአዲስ አበባ ዕቃ ሻጮች እየለቀምኩ የሚያምሩትን አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ውስጣቸውም ናስ ነው፣ ማግኔት አይስባቸውም። ከኋላ የወጡት ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ማግኔት ይስባቸዋል። ለተራ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለምትሃተኛ ግን ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጠገራ ብር ነው። የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ መቼም ቢመታ 1780 የሚለውን ዓመት የሚሸከም፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ «የሳንቲም ንጉሥ» እየተባለ በአሜሪካና በአውሮፓ መድረኮች የታወቀው ኔልሰን ዳውንስ ሲሠራ የነበረው ከዚህ ባነሱ ሳንቲሞች ነው። የዚያ አገር ምትሃተኞች ትልቅ ብር ሳንቲም ፍለጋ አሮጌ ዕቃ ሲያገላብጡ ይኖራሉ። የእኛ አያቶች ግን ከዚያ የሚበልጠውን በየመቀነታቸው ቋጥረው ገበያ ይወጡበት ነበር።

ጠገራውን እንዴት እንደምይዘው ልንገራችሁ። እጄን ዘርግቼ መዳፌ መካከል አስቀምጠዋለሁ። ከአውራ ጣት ሥርና ከትንሿ ጣት በታች ያለው ሥጋ በጥቂቱ ሲቀራረብ የብሩን ጠርዝ ከግራና ከቀኝ ይይዘዋል። ጠርዙ ላይ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጽሑፍ ወጣ ብሎ ተመትቷል፤ ፊደሎቹ ቆዳውን ስለሚነክሱ ብሩ አይንሸራተትም። እጄን ስገለብጠው አይወድቅም። ይህን ያህሉን ማንም በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል። ዓመታት የሚወስደው ከዚያ የሚቀጥለው ነው፤ ብሩ እዚያ መኖሩን እጅ ራሱ እስኪረሳው ድረስ ጣቶችን ማፍታታት። በዚያው እጅ ሲኒ ማንሣት፣ ሰው መጨበጥ፣ አፍንጫን ማከክ። ምትሃት የሚገለጠው በማይጨነቅ እጅ ነው።

ዲክሲስ የደረስን ዕለት ማታ የወዳጄ እናት ቡና አፈሉ። ጎረቤቶቻቸው «አዴ» ይሏቸዋል፤ እኔ «እማማ» አልኳቸው። ክፍሉ ውስጥ ልጆች፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ከእርሻ የተመለሱ ጎረምሶች ነበሩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ ባለው ጊዜ፣ «እማማ፣ ከረከቦቱ ሦስት ሲኒ ቢያውሱኝ?» አልኩ። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ እየሳሱ ሰጡኝ።

በሦስት ኩባያና በትንንሽ ኳሶች የሚሠራው ምትሃት ከዓለም ምትሃቶች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ በመጀመሪያው መቶ ዓመት በጻፈው ደብዳቤ ያነሣዋል፤ የሚያስደስተው መታለሉ ራሱ እንደሆነ፣ ዘዴውን ካወቀ በኋላ ግን ጣዕሙ እንደሚጠፋበት ይናገራል። አውሮፓውያን ለዚህ ሥራ የመዳብ ኩባያ ያሠራሉ፤ የእኔ ስብስብ ውስጥም ከውጭ ያስመጣሁት አለ። ነገር ግን መያዣ የሌላት፣ አፏ ሰፍቶ ታቿ የጠበበች የእኛ ሲኒ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነች። አንዱ ችግሯ ድምፅ ነው፤ ሸክላ ስለሆነች ጠረጴዛ ስትነካ ትጮኻለች፣ ውስጧ ያለውንም ታሳብቃለች። ስለዚህ ከሥሯ የተጣጠፈ ጋቢ አነጥፋለሁ። ለኳሱ የደረቀ ባቄላ ይመረጣል። ሽምብራ ይንከባለላል፣ አተር ከጣት መካከል ያመልጣል፤ ባቄላ ግን ጠፍጣፋ ጎን ስላላት የተዋትበት ትቀመጣለች፣ በጣቶች መታጠፊያም ታርፋለች። ከጎተራ የመጣች የዲክሲስ ባቄላ ተሰጠችኝ፤ ወፍራም፣ ቆዳዋ የጠነከረ።

ባቄላዋን ከመካከለኛዋ ሲኒ ሥር አኖርኩ። ሲኒዋ ስትነሣ ባቄላዋ የለችም፤ ከቀኟ ሲኒ ሥር ተገኘች። ለአንዱ ሽማግሌ በእጃቸው ጨብጠው እንዲይዟት ሰጠኋቸው፤ እጃቸውን ሲከፍቱ ሁለት ሆናለች። ልጆቹ ተጠጉ። በመጨረሻ ሦስቱንም ሲኒዎች አነሣሁ፤ ከአንደኛዋ ሥር ጥሬ ቡና፣ ከሁለተኛዋ እፍኝ የማይሞላ ገብስ፣ ከሦስተኛዋ ሲኒዋን የሞላ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ወጣ። ቤቱ በሳቅና በጩኸት ተናጋ። አንዱ ጎረምሳ ነጭ ሽንኩርቱን አንሥቶ አሸተተው።

እማማ አልሳቁም። ጀበናውን አስቀምጠው ዓይን ዓይኔን አዩኝና፣ «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትሠራው?» አሉኝ።

ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ክፍል ያለ ሁሉ ያውቃል። አርሲ የፈረቃሳ አገር ነው፤ የታወቀችዋ መንፈሳዊ ሴት የሞሚና ስፍራ፣ ከየአገሩ ሕዝብ ስለት ይዞ የሚሄድበት። ከተራራው ማዶ ባሌ የሼህ ሁሴን አገር ነው። በአማራው በኩል አውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራ አለ፣ በየሰፈሩ ጠንቋይ ይጠየቃል፣ የታመመ ልጅ አንገት ላይ ክታብ ይታሠራል። የማይታይ ኃይል እንዳለ በሚታመንበት አገር፣ ባቄላ በሽማግሌ ጭብጥ ውስጥ የሚያራባ ሰው ቀላል ሰው አይደለም። የሚፈራ ነው። ቢፈልግ ብር ይሰበስብበታል፣ የሰው ምስጢር ይጠይቅበታል፣ ባልና ሚስት ያስታርቅበታል ወይም ያጣላበታል።

«ከማንም ጋር አይደለም፣ እማማ» አልኳቸው። «በእጄ ነው የምሠራው። ሰው እንዝርት እንደሚለምደው ለምጄው ነው። አሁንም ዓይንዎን ስላታለልኩት እንጂ ባቄላዋ የትም አልሄደችም።» እጆቼን ዘርግቼ ይዘው እንዲያገላብጡ ሰጠኋቸው። መዳፌን፣ ጣቶቼን፣ የእጅጌዬን ጫፍ ዳበሱ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። «በእጅህ ከሆነ አላህ ይባርክልህ» አሉ፤ «በል፣ ቶናው ሳይቀዘቅዝ ድገመው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ጥበብ የማስበው ሁሉ ከዚያ ጥያቄ ይነሣል። ምትሃተኛ ያታልላል፤ ይህ ሥራው ነው። እንግዲያው ማታለሉን ንጹሕ የሚያደርገው ምንድን ነው?

በእንግሊዝ አገር ሬጂናልድ ስኮት የሚባል የኬንት ባላገር እ.ኤ.አ. በ1584 ስለ ጥንቆላ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን ድሃ አሮጊቶች ጠንቋይ ተብለው ይከሰሱና ይሰቀሉ ነበር። ስኮት የአብዛኛው ክስ መሠረት አለማወቅ መሆኑን ለማሳየት ወደ ምትሃተኞች ሄዶ ዘዴያቸውን ጠየቀ፤ ሎንዶን ይኖር የነበረ አንድ ፈረንሳዊም ብዙ አሳየው። ሳንቲም እንዴት እንደሚሰወር፣ ኳስ ከኩባያ ሥር እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ካርታ እንዴት እንደሚበወዝ፣ የተቆረጠ የሚመስል ራስ እንዴት ሳህን ላይ ሆኖ እንደሚናገር በመጽሐፉ ዘረዘረ። የእጅ ምትሃትን ዘዴ በዝርዝር ከገለጡት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የተጻፈውም ሰው ከመሰቀል እንዲድን ነው። እኔ የምሠራው ጥበብ በታሪኩ እንዲህ ያለ ሥራ እንደተሠራበት ሳስብ ደስ ይለኛል። በዲክሲሱ ክፍል «በእጄ ነው» ብዬ ስናገር በዚያው መንገድ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

በእኛም አገር መንገዱን ያሳዩን አሉ። ብዙዎቻችን ምትሃት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በአባባ ተስፋዬ እጅ ነው። ተስፋዬ ሳህሉ የተወለዱት ከዚህ ደጋ ማዶ በባሌ ነው። በቴአትር ቤት ተዋናይና ሙዚቀኛ ሆነው ሠሩ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ አንሥቶ ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ፣ በመካከሉም ምትሃት ሲያሳዩ ኖሩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ትውልድ አንድ አልነበረም። በእሳቸው እጅ ምትሃት የልጆች ነበር፤ ማንንም አላስፈራም፣ ከማንም ምንም አልወሰደም። የተረቱ ወንድም ሆኖ መጣ። ተረት ውስጥ ጅብ ሲናገር ልጁ ውሸት ነው ብሎ እንደማይቆጣ ሁሉ፣ መሐረብ ሲጠፋም ተደሰተ እንጂ አልተበደለም።

በማግስቱ ገበያ ወጣን። ገበያው መግቢያ ላይ ካርታዬን አውጥቼ ከጎረምሶች ጋር ቁጭ ስል አንድ መካከለኛ ዕድሜ ያለው ገበሬ ፊቱ ተለወጠ። «ይህን እኔ አውቀዋለሁ» አለ፤ «አዳማ ላይ የበሬ መግዣዬን የበላኝ ይኸው ነው።» የተጫወተበት «ቀይዋን ያየ!» እየተባለ የሚጠራው ነው፤ ሦስት ካርታ፣ አንዷ ቀይ፣ ካርቶን ላይ ፈጥነው የሚቀያየሩ። መርካቶንና አውቶቡስ ተራን የሚያውቅ ሁሉ አይቶታል። መጀመሪያ አንድ ሰው ሲበላ ያያሉ፤ ከዚያ ሌላው ያሸንፋል፤ ካርታዋም ጫፏ የታጠፈች ይመስላል፤ እርግጠኛ ሆነው ገንዘብ ያስይዛሉ። የበላውም ያሸነፈውም የካርታው ባለቤት ሰዎች ናቸው። የታጠፈው ጫፍም ሆን ተብሎ የታጠፈ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ሌላ ካርታ የሚዛወር ነው።

ሥዕል የሚወድ አንባቢ በሂየሮኒመስ ቦስ ስም የሚታወቀውን ከ500 ዓመት በፊት የተሣለ የምትሃተኛ ሥዕል ያስታውስ ይሆናል። ምትሃተኛው ጠረጴዛ ላይ ኩባያና ኳስ ደርድሯል፤ አንድ ሰው አጎንብሶ ዓይኑን ተክሏል፤ ከኋላው የቆመው ሰው ወደ ሰማይ የሚያይ መስሎ ቦርሳውን ይፈታበታል። አዳማ ላይ የሆነው ከዚህ አልተለየም።

ሦስቱን ካርታ አውጥቼ በዝግታ አሳየሁት። ብዙ ምትሃተኞች ዘዴ አይነገርም ይላሉ፤ እኔም ለሥራ ፈት ጉጉት አልናገርም። ይህኛው ግን ምትሃት ሳይሆን ወጥመድ ነው፤ የወጥመድ ዘዴ ደግሞ ለሚያልፍበት ሁሉ ሊነገር ይገባል። ሁለት ካርታ በአንድ እጅ አንዱ ከአንዱ በላይ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሰው የታችኛው ተጣለ ብሎ ሲያይ የላይኛው እንዴት እንደሚወርድ፣ ደጋግሜ አሳየሁ። ገበሬው ራሱ ካርታዎቹን ተቀብሎ ሞከረ። የተሸነፈው በዓይኑ ድክመት እንዳልሆነ ሲረዳ ትከሻው ቀለለው፤ «እኔ እኮ የደነዝኩ መስሎኝ ነበር» አለ። ዙሪያውን የቆሙት ጎረምሶችም አንድ በአንድ ካርታውን ተቀብለው ተማሩት። ከዲክሲስ ተነሥቶ አዳማ የሚወርድ ጎረምሳ ይህን ካወቀ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል።

ከገበያ ስንመለስ፣ በዋዜማው ማታ ባቄላዋን የጨበጡት ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ጠበቁን። ኦቦ ነበሩ ለመንደሩ ሁሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ጠገራ ብር እንዳለኝ ሰምተዋል። ስሰጣቸው ወዲያው ወደ ብርሃን አዙረው የንግሥቲቱን ትከሻ ጌጥና የራሷን ዘውድ በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየነኩ አዩ። ጥንት ሰው ጠገራ ሲቀበል በጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አጥርቶ ካላየ አይቀበልም ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. የወረቀቱ ብር እስኪተካውም ድረስ እንዲሁ ኖረ። ልማዱን ከአባታቸው ወርሰውታል። «ደኅና ብር ነው» አሉ። ከዚያ በዚያው ብር ሠራሁላቸው። ከቀኝ እጄ ወደ ግራ ሄደ፤ ግራው ተከፈተ፣ ባዶ ነው። ቀኙም ባዶ ነው። ከጋቢያቸው ጫፍ ሥር አወጣሁት። ኦቦ ብሩን መልሰው ተቀበሉና እንደገና ነጠብጣቦቹን አዩ፤ ያው ብር መሆኑን አረጋገጡ። ከሠራሁላቸው ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያከበረኝ የለም። ብሩን መረመሩ፣ ሥራውን ግን እንዳለ ተቀበሉ።

ኦቦን ፊት ለፊት ሳይ ከምትሃት ታሪክ አንድ ክፉ ምዕራፍ ትዝ አለኝ። ፈረንሳዊው ሮቤር ሁደን የዘመናዊ ምትሃት አባት ይባላል፤ ሰዓት ሠሪ የነበረ፣ እጁ የተባረከ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ወደ አልጄሪያ ላከው፤ ሕዝቡ የሚሰማቸውን የሃይማኖት ሰዎች ግርማ ለመስበርና የፈረንሳይ ኃይል እንደሚበልጥ ለማሳመን። በዚያ ካሳያቸው መካከል ቀላሏና ከባዷ ሣጥን ትታወቃለች። ሣጥኗን ልጅም ያነሣታል፤ ጉልበተኛ ሰው ተጠርቶ ሲሞክራት ግን አትነቃነቅም። ከሥሯ የኤሌክትሪክ ማግኔት ነበረ፤ ጉልበተኛውም በመጨረሻ በኤሌክትሪክ ንዝረት ተመትቶ ሸሸ። ሁደን በኋላ በአስተርጓሚዎች በኩል ሥራው ጥበብ ብቻ መሆኑ እንዲነገራቸው እንዳደረገ ጽፏል። እኔ ከእጁ ሥራ ስማር የኖርኩት ሰው ነው፤ የእጁ ጥበብ ግን ያን ጉልበተኛ በወገኖቹ ፊት አዋረደ። የተመልካቹን ክብር የሚወስድ ምትሃት ገንዘቡን ከሚወስደው «ቀይዋን ያየ» አይሻልም።

የመጨረሻውን ከሰዓት ከልጆቹ ጋር አሳለፍኩ። ዐሥር ሳንቲሙን አውጥቼ አጋዘኑን አሳየኋቸውና፣ «ይህ አጋዘን አሁን ወደ ጭላሎ ይሄዳል» ብዬ ሰወርኩት። አንድ ልጅ ወዲያው፣ «ጭላሎ ላይ አሁን እርሻ ነው፤ ቦታ አያገኝም» አለኝ። ትክክል ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መካከል ተመዝግቧል፤ እርሻውና ግጦሹ ተራራውን እየወጣ ነው። ሳንቲሙን መልሼ ሳወጣው፣ «በል እንግዲህ አንተ ጠብቀው» ብዬ ሰጠሁት።

ያው ልጅ ሌላ ነገርም አስተዋለ። ሌሎቹ እጄን ሲያዩ እሱ ፊቴን ያይ ነበር። በምትሃትና በሥነ ልቦና ጥናት የሚታወቀው ጉስታቭ ኩን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት ትዝ አለኝ። ምትሃተኛው ኳስ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወረውራል፤ በሦስተኛው የወረወረ ይመስላል እንጂ ኳሱ እጁ ውስጥ ቀርቷል። ዓይኑን ወደ ላይ ሲያነሣ ከተመልካቾቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ኳሱ ሲወጣ አየን አሉ። እጁን ሲያይ ግን አየን ያሉት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ሆኑ። ያታለላቸው የእጁ ፍጥነት አይደለም፤ ፊቱ ነው። ሰው የሰውን ዓይን ተከትሎ ያያል፤ ከተወለድን ጀምሮ እናታችንን እንዲህ አይተን ነው ዓለምን የተማርነው።

ልጁ ዘዴውን ጠየቀኝ፤ አስተማርኩት። ሳንቲሙን በቀኝ እጅ ወደ ግራ የሰጡ ማስመሰል፣ ግራውን ጨብጦ በዓይን መከተል፣ ቀኙን ረስቶ መተው። ከሁሉም በላይ አንድ ሕግ አስያዝኩት፤ ከመጀመርህ በፊት ወይም ከጨረስክ በኋላ «በእጄ ነው» በል። ማታ ለእናቱ ሲያሳያት ሰምቻለሁ፤ ቃሉን አልረሳም።

የምሰበስባቸው ዕቃዎች ዋጋቸው ዛሬ በዐይኔ ተለውጧል። ከውጭ ያስመጣኋቸው የመዳብ ኩባያዎች ያምራሉ፤ ነገር ግን የዲክሲስ ሰው ከጎተራው ባወጣት ባቄላ፣ እናት አጥባ ባዋሰችው ሲኒ፣ ሽማግሌ በጥፍሩ በመረመረው ብር የተሠራው ምትሃት ይበልጣቸዋል። ተመልካቹ ዕቃውን ያውቀዋልና፤ ስለዚህ መገረሙ ከእኔ ዕቃ ጋር አይሄድበትም፣ ቤቱ ይቀርለታል።

በዚህ ዘመን በስልክ የሚመጣው «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ በአንድ ወር ብርዎ እጥፍ ይሆናል የሚለው ማኅበር፣ ገንዘብ ተቀብሎ ትንቢት የሚናገረው ሰው፣ ሁሉም ያን ሦስት ካርታ ነው የሚጫወቱት፤ መጀመሪያ ያሸነፈ ያሳዩናል፣ ከዚያ ዓይናችንን ይመሩታል። ልጆቻችንን ከዚህ የምንጠብቀው አትታለሉ በማለት ብቻ አይደለም። ዓይን እንዴት እንደሚመራ በደስታ፣ ሳይጎዱ፣ በሚወዱት ሰው እጅ እንዲቀምሱት በማድረግ ነው። በየትምህርት ቤቱ የኪነ ጥበብ ክበብ አለ፤ ግጥምና ድራማ ይሠራበታል። ሦስት ሲኒና አንዲት ባቄላም እዚያ ቦታ ይገባቸዋል። አስተማሪው ካርታ መግዣ በጀት አያስፈልገውም፤ ትንሽ ትዕግሥትና ያቺ «በእጄ ነው» የምትለው ቃል ይበቃዋል። በሐቀኛ ምትሃተኛ አንዴ የተታለለ ልጅ፣ ሐቀኛ ያልሆነው ሲመጣ ካርቶኑን ትቶ ወደ ሰውዬው ፊት ማየት ያውቃል።